ውዝፍ የስህተት ሪፖርቶች ልየታ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፡ አሠራሩና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለው ፋይዳ

ውዝፍ የስህተት ሪፖርት ማለት በአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ ስህተት መታየቱን ተጠቃሚው ካስመዘገበ በኋላ ለወራት ወይም ለዓመታት እልባት ሳያገኝ የቆየ ሪፖርት ማለት ነው። በፍርድ ቤቶችና በቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤቶች ውዝፍ መዝገብ እንደሚከማች ሁሉ በሶፍትዌር ፕሮጀክቶችም ውዝፍ ሪፖርት ይከማቻል። እነዚህን ሪፖርቶች አንድ በአንድ እየመረመሩ የትኛው አሁንም እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደታረመ፣ የትኛው እንደተደገመና የትኛው ምክንያቱ ተገልጾ መዘጋት እንዳለበት የመወሰን ሥራ «ልየታ» ይባላል። በጤና ተቋማት በር ላይ የሚካሄደው የሕሙማን ልየታ ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት እንደሚወስን ሁሉ የሶፍትዌሩም ልየታ የባለሙያው ውስን ጊዜ በየትኛው ስህተት ላይ መዋል እንዳለበት ይወስናል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የራቀ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው «ፋይዳ» መታወቂያም ሞሲፕ በተሰኘ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የተገነባ ነው። በርካታ ሰርቨሮችም የሚሠሩት በሊነክስ ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ የሚታይ ስህተት በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ምን ዓይነት ዕጣ እንደሚገጥመው ማወቅ፣ በተለይ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በከሚሴ እንዳሉት ጽሕፈት ቤቶች በሁለት ቋንቋና በሁለት የአጻጻፍ ሥርዓት ለሚገለገሉ ተቋማት፣ የዕለት ሥራን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና የስህተት መዝገቡ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው የተጻፈበት ኮድ ለማንም ግልጽ ሆኖ ተጠቃሚው እንዲያነብበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌሎች እንዲያሰራጨው ፈቃድ የተሰጠበት ፕሮግራም ነው። ከኮዱ ጎን ለጎን የስህተት መዝገቡም በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ሪፖርት ሲቀርብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቀረበበት ቀን፣ ስህተቱ የታየበት የፕሮግራም እትም፣ ያለበት ደረጃና በጉዳዩ ላይ የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ በሙሉ በዚያው ቁጥር ሥር ይቀመጣል። በመሆኑም ኦስሎም ሆነ ባንጋሎር ያለ ባለሙያ የሚያየውን መዝገብ ከሚሴ ያለ ባለሙያም ያለ ልዩነት ሊያየው ይችላል።

የዚህ አሠራር ቀደምት ምሳሌ ከሊነክስ ስርጭቶች አንዱ በሆነው በዴቢያን ፕሮጀክት ይገኛል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በኢያን ጃክሰን አማካይነት የስህተት መከታተያ ሥርዓት ያቋቋመ ሲሆን የሪፖርቶቹ ተራ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የኢንተርኔት መቃኛ ፕሮግራም ለሚያዘጋጀው የሞዚላ ፕሮጀክት አገልግሎት «ባግዚላ» የተሰኘው የስህተት መዝገብ ይፋ ሆነ። ባግዚላ ራሱ ክፍት ምንጭ በመሆኑ በሌሎች ፕሮጀክቶችም ተስፋፍቷል። ከዚያ በኋላ የተነሱት ጊትሀብና ጂራ የመሳሰሉት መድረኮችም የተከተሉት መሠረታዊ አሠራር ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥር፣ ደረጃ፣ ኃላፊና ውሳኔ።

ሪፖርት የሚወዘፍባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የሰው ኃይል ማነስ ነው። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚገለገሉባቸው አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚጠበቁት በጥቂት ሰዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻ ነው። ሪፖርት ለመጻፍ ጥቂት ደቂቃ ሲበቃ ሪፖርቱን ለማጣራት ግን ሰዓታት ወይም ቀናት ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ስለዚህ ገቢው ከወጪው ሲበልጥ መዝገቡ ይሞላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሪፖርቱ ጉድለት ነው። «ፕሮግራሙ አይሠራም» ብቻ የሚል ሪፖርት የትኛው እትም፣ በየትኛው ኮምፒዩተር፣ ምን ሲደረግ እንዳልሠራ ስለማይገልጽ ፕሮግራመሩን ወደ የትም አያደርሰውም። ሦስተኛው ስህተቱ በሌላ ቦታ ተደግሞ አለመታየቱ ነው። በአንድ አገር ኮምፒዩተር ላይ በየቀኑ የሚከሰት ችግር የቋንቋ፣ የቀን አቆጣጠር ወይም የኔትወርክ ሁኔታው በተለየ አገር ጨርሶ ላይታይ ይችላል። አራተኛው ስህተቱ የጥቂቶች መስሎ መታየቱ ነው። በርካታ ተጠቃሚ ያለው ቋንቋ ላይ የተገኘ ስህተት በብዙዎች ስለሚመዘገብ ትኩረት ያገኛል። ተጠቃሚው ሪፖርት የማድረግ ልማድ ያላዳበረበት ቋንቋ ላይ የተገኘው ግን በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ውዝፍ ሪፖርት ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ማለት ግን አይደለም። በፋየርፎክስ የኢንተርኔት መቃኛ ላይ ማውስ ሲጠቆምበት የሚወጣው አጭር ማብራሪያ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ፕሮግራም ከተሻገረ በኋላም ከስክሪኑ ሳይጠፋ የሚቀርበት ስህተት እ.ኤ.አ. በ2002 ተመዝግቦ የታረመው በ2023 ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል መዝገቡ ክፍት ሆኖ በመቆየቱ ስህተቱን ያረመው ባለሙያ የቀደሙትን ማስረጃዎች በአንድ ቦታ ለማግኘት ችሏል።

በሌላ በኩል ስህተት ያልሆነ ነገርም በመዝገብ ላይ ሊቆይ ይችላል። የኡቡንቱ ፕሮጀክት መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 በቁጥር 1 ያስመዘገቡት ሪፖርት የማይክሮሶፍትን የገበያ የበላይነት እንደ «ስህተት» የሚቆጥር ነበር። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የተዘጋው የስልክና የታብሌት መስፋፋት የገበያውን ሁኔታ ለውጦታል በሚል ምክንያት ነው። ይህ ዓይነቱ ሪፖርት ዓላማን የሚገልጽ እንጂ በኮድ እርማት እልባት የሚያገኝ አይደለም። የልየታ ባለሙያ አንዱ ተግባርም ስህተትን ከምኞትና ከአቋም መለየት ነው።

ልየታው የሚከናወንበት ቅደም ተከተል

ፕሮጀክቶች የየራሳቸው መመሪያ ቢኖራቸውም የልየታ ሥራ በጥቅሉ የሚከተሉትን ደረጃዎች ይከተላል።

1. ማንበብና ማሟላት፡- ሪፖርቱ ሙሉ መሆኑ ይጣራል። የፕሮግራሙ እትም፣ የተከናወኑት ድርጊቶች በቅደም ተከተል፣ የተጠበቀው ውጤትና የታየው ውጤት መገለጽ ይኖርባቸዋል። የጎደለ ካለ አቅራቢው ይጠየቃል።

2. የተደገሙትን ማዋሐድ፡- ስለ አንድ ስህተት በተለያዩ ሰዎች የቀረቡ ሪፖርቶች በአንድ ቁጥር ሥር ይጠቃለላሉ። የተደገመው ሪፖርት ሲዘጋ ወደ ዋናው ሪፖርት የሚመራ ቁጥር ይጻፍበታል። በዚህም የአቅራቢው ማስረጃ አይጠፋም።

3. ስህተቱን ደግሞ ማሳየት፡- ይህ የሥራው እምብርት ነው። ባለሙያው በሪፖርቱ ላይ የተዘረዘሩትን ድርጊቶች በአዲሱ የፕሮግራሙ እትም ላይ ይደግማል። ስህተቱ ከታየ ሪፖርቱ «ተረጋግጧል» ይባላል። ካልታየ ከየትኛው እትም ጀምሮ እንደጠፋ ለማወቅ ይሞከራል።

4. ክብደትና ቅድሚያ መስጠት፡- በዴቢያን መዝገብ ሪፖርቶች በሰባት የክብደት ደረጃዎች ይመደባሉ። ላይኛው ደረጃ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ወይም ከባድ የመረጃ መጥፋት የሚያስከትል ስህተት ሲሆን ታችኛው ደረጃ የማሻሻያ ምኞት ነው። ክብደትና ቅድሚያ አንድ አይደሉም። ክብደቱ ስህተቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ይለካል፤ ቅድሚያው ግን ማን በምን ጊዜ ሊሠራው እንደሚችል ያሳያል።

5. ውሳኔ መስጠት፡- በባግዚላ አሠራር አንድ ሪፖርት ሲዘጋ የተዘጋበት ምክንያት ይጻፍበታል። ከምክንያቶቹ መካከል ታርሟል፣ ስህተት አይደለም፣ አይታረምም፣ የተደገመ ነው፣ እኛ ዘንድ ይሠራል የሚሉት ይገኙበታል። ያለ ምክንያት የተዘጋ ሪፖርት በመልካም አስተዳደር ቋንቋ መልስ ያልተሰጠው አቤቱታ ነው።

ከእነዚህ አምስት ደረጃዎች መካከል የፕሮግራመርነት ሙያ የግድ የሚጠይቅ የለም። የኮድ ዕውቀት የሌለው ነገር ግን ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚገለገልበት የመረጃ ሠራተኛ ሪፖርቱን ሊያሟላ፣ ተመሳሳዩን ሊፈልግና ስህተቱን ደግሞ ሊያሳይ ይችላል። በበርካታ ፕሮጀክቶች አዲስ በጎ ፈቃደኞች ሥራ እንዲጀምሩ የሚመከሩትም በዚሁ ዘርፍ ነው።

የጊዜ ገደብ ጥያቄ

ውዝፉ ከአቅም በላይ ሲሆን ፕሮጀክቶች የጊዜ ገደብ ያስቀምጣሉ። በኡቡንቱ መዝገብ «ያልተሟላ» የሚል ደረጃ የተሰጠው ሪፖርት ለ60 ቀናት መልስ ካጣ ጊዜው ያልፍበታል። የፌዶራ ፕሮጀክት እያንዳንዱን እትም የሚደግፈው ለ13 ወራት ያህል ሲሆን ድጋፉ ሲያበቃ በዚያ እትም ላይ የቀረቡ ሪፖርቶችም ይዘጋሉ። በኩበርኔትስ ፕሮጀክት ደግሞ እንቅስቃሴ የሌለበት ሪፖርት ከ90 ቀን በኋላ «ያረጀ» ይባላል፤ ሌላ 30 ቀን ሲጨመር ሁለተኛ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልተገኘ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ሰው ሳይሆን አውቶማቲክ ፕሮግራም ነው።

የቢሮ ሥራ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው የሊብሬ ኦፊስ ፕሮጀክት ለየት ያለ መንገድ ይከተላል። ከተረጋገጠ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ማንም ያልነካው ሪፖርት ሲገኝ አቅራቢው በአዲሱ እትም እንዲሞክረውና ውጤቱን እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ተጨማሪ መረጃ ተጠይቆበት ለስድስት ወራት መልስ ያጣ ሪፖርት ላይ ግን ማሳሰቢያ ይሰጥና ከዚያ በኋላም ዝምታ ከሆነ በቂ መረጃ የለም ተብሎ ይዘጋል።

የጊዜ ገደቡ ደጋፊዎች መዝገቡ እውነተኛውን የሥራ ጫና እንዲያሳይና ውስን ጊዜ በሙት ጉዳዮች ላይ እንዳይባክን ይረዳል ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የሪፖርት ዕድሜ ስለ ስህተቱ መኖር ወይም አለመኖር የሚናገረው ነገር እንደሌለ ያስረዳሉ። ከዚህም በላይ ገደቡ የሁሉንም ተጠቃሚ ሁኔታ አንድ አድርጎ ይቆጥራል። የኢንተርኔት አገልግሎት ያለማቋረጥ ለሚያገኝ ሰው 60 ቀን በቂ ነው፤ አገልግሎቱ ለሳምንታት ወይም ለወራት በሚቋረጥበት አካባቢ ላለ ባለሙያ ግን ጥያቄውን ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ዝምታው ችግሩ ተፈትቷል ወይም ጉዳዩ ተትቷል ተብሎ ይተረጎማል።

በውዝፍ የተጨናነቀ ፕሮጀክት ለደህንነት አደጋም ይጋለጣል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የታወቀው የኤክስ ዚ ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ነው። ኤክስ ዚ ፋይሎችን አሳንሶ ለማስቀመጥ የሚያገለግል በብዙ የሊነክስ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኝ ፕሮግራም ሲሆን በአብዛኛው የሚጠበቀው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሥራው ዘገየ የሚሉ ወቀሳዎች በበረቱበት ጊዜ በረዳትነት የቀረበ ማንነቱ ያልታወቀ ተሳታፊ በሂደት አመኔታ አግኝቶ ስውር መግቢያ አስገባበት። አደጋው በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት የተደረሰበት አንድረስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር የመግባቱ ሂደት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውለው ምክንያቱን በመመርመራቸው ነው። ትንሽ የምትመስል እንግዳ ምልክት ሳይናቅ መመርመሯ የበርካታ ሰርቨሮችን ደህንነት ታድጓል።

ፊደልና ቋንቋ በመዝገቡ ላይ

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን በወቅቱ 345 ምልክቶችን ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በወጡት እትሞች ተጨማሪ ምልክቶች ተካትተዋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን የኮድ አሰጣጥ ይከተል ስለነበር በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ተመሳሳይ ፕሮግራም በሌለው ሌላ መሥሪያ ቤት ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ እንደነበር በዘመኑ በመዝገብ ቤት የሠሩ ሁሉ ያስታውሱታል።

ከፊደሉ ቀጥሎ የመጣው ሥራ የአገሪቱን ቋንቋዎች የቀን፣ የወር፣ የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ ለኮምፒዩተር ማስተዋወቅ ነበር። ይህን ደንብ የያዘው ፋይል «ሎኬል» ይባላል። በሊነክስ ሥርዓቶች መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛና ለሌሎችም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተዘጋጁት ፋይሎች የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ የግዕዝ ፍሮንትየር ፋውንዴሽን ባደረገው ጥረት ነው። የኦሮምኛው ፋይል ከሰጋሌ ኦሮሞ አሳታሚ ድርጅት ጋር በጋራ የተዘጋጀ መሆኑ በፋይሉ ላይ ሰፍሯል። እነዚህ ፋይሎች በዓለም ላይ ባሉ እጅግ በርካታ ሰርቨሮች ውስጥ ስለሚገኙ በአንዱ ላይ ያለች የፊደል ግድፈት በላይብረሪው ላይ ወደተመሠረቱት ፕሮግራሞች ሁሉ ትደርሳለች።

እዚህ ላይ የልየታን ጥንቃቄ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአማርኛው ሎኬል ውስጥ የወራት ስም «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» እያለ ይቀጥላል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ይህን ሲያይ ወሩ ጥር ወይም የካቲት መባል ነበረበት ብሎ ስህተት ሊያስመዘግብ ይችላል። ነገር ግን ፋይሉ የሚገልጸው የጎርጎርዮስን ወር በአማርኛ አጠራር ስለሆነና ጃንዩወሪ ከታኅሣሥና ከጥር ጋር በከፊል ብቻ ስለሚገጥም ስሙን በጥር መተካት አዲስ ስህተት መፍጠር ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ራሱን እንዲደግፍ መጠየቅ ነው። ልየታውን የሚሠራው ሰው አገሩን የማያውቅ ከሆነ አንዱን ጥያቄ በሌላው ስም ይዘጋዋል።

የከሚሴ ሁኔታ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። አስተዳደሩ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሃረዋና ባቲ የተባሉ ወረዳዎችን ያካትታል። በአስተዳደሩ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ማለትም በቁቤ ለሥራና ለትምህርት ሲያገለግል የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። በመሆኑም የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ቀበሌ ስም ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ስም በሁለት ፊደል መጻፉ የተለመደ ነው። ለሶፍትዌር ግን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለአብነት የጅሌ ጥሙጋ ወረዳን ስም መመልከት ይቻላል። በኦሮምኛ የስሙ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምርበት ድምፅ በቁቤ በሁለት ሆሄያት የሚጻፍ ሲሆን በኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ «ዸ» የተሰኘ የራሱ ምልክት አለው። ይህ ምልክት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ቢኖርም የአማርኛ ጽሑፍ ስለማይጠቀምበት በዕለታዊ የጽሕፈት ሥራ እምብዛም አያጋጥምም። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ በ«ጥ» ይጻፋል። ሁለቱን አጻጻፎች የሚያገናኝ ኮድ በሌለበት ዳታቤዝ አንዱ ወረዳ ሁለት ወረዳ መስሎ ሊቆጠር፣ ሪፖርቱም ተከፋፍሎ ጎደሎ ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሁዳ የሚባለው በቁቤ አጻጻፍ በሁለት አናባቢዎች መካከል ወይም ከአናባቢ በፊት የሚገባው ጭረት ነው። ይህ ምልክት የፊደሉ አካል እንጂ ጌጥ አይደለም። ይሁን እንጂ በብዙ የዳታቤዝ ቋንቋዎች ተመሳሳዩ ጭረት የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ማመልከቻ ሆኖ ስለሚያገለግል በጥንቃቄ ያልተሠራ ፕሮግራም ሁዳ ያለበትን ስም ሲቀበል ሊቆም ይችላል። ይኸው ጉድለት ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት በመሆኑ ጉዳዩ የፊደል ብቻ ሳይሆን የደህንነትም ነው። በተጨማሪም ቀጥ ያለው ጭረትና ጠመም ያለው ጭረት በዩኒኮድ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው በኮምፒዩተር የተጻፈው ስም በስልክ ከተጻፈው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ሦስተኛው በአማርኛው በኩል ያለው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ መዝገቡ የለም የሚል መልስ ያገኛል። ባለጉዳዩ ያለው ፋይል እንደሌለ ተነግሮት ሲመለስ፣ ወይም በአንድ ሰው ስም ሁለት ፋይል ሲከፈት ጉዳቱ የሚደርሰው በዜጋው ላይ ነው።

እነዚህን ስህተቶች በሩቅ አገር ያለ ፕሮግራመር በራሱ ሊደርስባቸው አይችልም። ቁቤን ከኢትዮጵያ ፊደል ጋር በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ቀን የሚጠቀም ሰው ግን ከማንም በፊት ያያቸዋል። በመሆኑም በከሚሴና በመሰል አካባቢዎች ያለ የመረጃ ባለሙያ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ያለው ስፍራ የተራ ተጠቃሚ ሳይሆን ተፈላጊ ምስክር ነው።

ጳጉሜን 6 እና የጊዜ ገደቡ

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ የልየታን ፈተና ከሁሉም በላይ አጉልቶ ያሳያል። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት። ጳጉሜን በሦስት ተከታታይ ዓመታት 5 ቀን ስትሆን በአራተኛው 6 ቀን ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የነበረች ሲሆን ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይውላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1 ሺህ 461 ቀናት ነው።

አንድ ፕሮግራም የጳጉሜንን ስድስተኛ ቀን የማይቀበል ቢሆንና በዚያች ዕለት በጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ወይም የተከፈለ ግብር ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ሠራተኛው ስህተቱን ያስመዘግባል። የፕሮጀክቱ ሰዎች ከቀናት በኋላ ሲሞክሩት ፕሮግራሙ ጤነኛ ሆኖ ይታያቸዋል፤ ተጨማሪ መረጃም ይጠይቃሉ። ሠራተኛው አዲሱን ዓመት ጀምሮ ሥራው ስለተስተካከለለት መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። በ60 ቀን ገደብ የሚሠራ ፕሮጀክት ሪፖርቱን በኅዳር ይዘጋል፤ በ150 ቀን የሚሠራውም ከየካቲት አያሳልፈውም። ስህተቱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ በሰዓቱ ይመለሳል። በልየታ ቋንቋ «እኛ ዘንድ ይሠራል» ተብሎ የተዘጋው ሪፖርት በእርግጥ የተዘጋው በቀን መቁጠሪያ ምክንያት ነበር።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ስህተቱ የሚታየው በጳጉሜን 6 ብቻ መሆኑ በሪፖርቱ ርዕስ ላይ ከተጻፈና ለሙከራ ብቻ የተዘጋጀን ኮምፒዩተር ሰዓት ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በመመለስ ስህተቱን ማየት እንደሚቻል ከተገለጸ ማንኛውም ባለሙያ በየትኛውም ቀን ሊያረጋግጠው ይችላል። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ሰዓት መቀየር ግን መዝገቦችን ስለሚያዛባ ፈጽሞ አይመከርም።

ከቀን ቆጠራ ጋር የተያያዙ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ ዓመቱን በጃንዩወሪ ወይም በመስከረም የሚጀምር ፕሮግራም የሩብ ዓመት ሪፖርትን ያፋልሳል። በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚባለው በሌላው አቆጣጠር 20 ሰዓት ስለሆነ የሰዓቱ ዓይነት ሳይገለጽ የቀረበ ሪፖርት የስህተቱን መነሻ ያሳስታል። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከሚደግፉ ሥርዓቶች አንዱ ነው። ይህን የመሰለ ድጋፍ ጸንቶ የሚቆየው ግን አዲስ እትም በወጣ ቁጥር በአገር ውስጥ ሲሞከርና ውጤቱ ሲመዘገብ ነው። የሥርዓቱ አዘጋጆች እርማት የሚያወጡት በቅርብ ለወጡት ሦስት እትሞች በመሆኑ በአሮጌ እትም ላይ ብቻ የታየ ስህተት በአዲሱም መኖሩ ካልተረጋገጠ እርማት የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ አሠራር

በመጀመሪያ ደረጃ መሥሪያ ቤቱ የራሱ የስህተት መዝገብ ሊኖረው ይገባል። መዝገቡ ስህተቱ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ የፕሮግራሙን እትም፣ ድርጊቶቹን በቅደም ተከተልና የተላከበትን ቁጥር የያዘ መሆን ይኖርበታል። በቃል ለኮምፒዩተር ባለሙያ የተነገረ ስህተት ባለሙያው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

በሁለተኛ ደረጃ ሪፖርት የሚቀርበው በግለሰብ አድራሻ ብቻ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ቢሆን ይመረጣል። የቀረበው ጥያቄ መልስ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ አቅራቢው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲዛወር በመሆኑ በርክክብ ሰነድ ላይ ክፍት የሆኑ ሪፖርቶች ቁጥር ሊሰፍር ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ በየሩብ ዓመቱ ክፍት ሪፖርቶች እንደገና ሊሞከሩ ይገባል። «በዚህ እትም ላይም በዚህ ቀን ሞክረን አይተነዋል» የሚል አንድ መስመር ሪፖርቱን ከመዘጋት ያድነዋል። ስህተቱ ጠፍቶ ከተገኘም ይህንኑ ማሳወቅ ለሌሎች ጊዜ ይቆጥባል። ስድብና ማስፈራራት ወይም ስለ አንድ ጉዳይ በተደጋጋሚ አዲስ ሪፖርት መክፈት ግን ውዝፉን ያበዛል እንጂ አያቃልለውም። በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጽፈው ሳይጣሩ የሚላኩ ሪፖርቶችም ለፕሮጀክቶች ተጨማሪ ሸክም ሆነዋል።

በአራተኛ ደረጃ የዜጎች መረጃ መጠበቅ አለበት። መዝገቡ ለዓለም ክፍት በመሆኑ የባለጉዳይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የሕክምና መረጃ የሚታይበት የስክሪን ምስል ማያያዝ አይገባም። ይህ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረትም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። ለሙከራ የፈጠራ ስም መጠቀም ይቻላል። የደህንነት ክፍተትን የሚመለከት ሪፖርትም ፕሮጀክቱ ለዚሁ ባዘጋጀው የምሥጢር መንገድ እንጂ በክፍት መዝገብ አይቀርብም።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ ባይጠየቅበትም የትኩረት ዋጋ ግን ይጠይቃል። አንድ ስህተት በመዝገብ ላይ ቆየ ማለት ተረሳ ማለት አይደለም፤ ተዘጋ ማለትም ታረመ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ስህተቱን በዓይኑ አይቶ፣ በቀንና በእትም ለይቶ፣ ሲጠየቅም መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩ ነው። በጳጉሜን 6 የሚመዘገብ የሕፃን ልደትም ሆነ በቁቤና በኢትዮጵያ ፊደል የሚጻፍ የአንድ ሰው ስም በሥርዓቱ ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው ይህ ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ሲኖረው ነው።